ደጅ የማይጠናለት መብት

በኤፕሪል 22 ቀን 2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ቴሪ ማኮሊፍ ሪችመንድ በሚገኘው የግዛቲቱ ምክር ቤት ደጃፍ ሕዝብ ሰብስበው አንድ ትእዛዝ ይፋ አደረጉ። በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው እስራቸውንና ከዚያ በኋላ ያለውን የቁጥጥር ጊዜ የጨረሱ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች በዚያች ፊርማ የመምረጥ መብታቸው ተመለሰላቸው። ከአሥር ሺህ የሚበልጡት ጊዜ ሳያጠፉ ሄደው ተመዘገቡ። ልክ በሦስተኛው ወር፣ ጁላይ 22፣ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ4 ለ3 ድምፅ ትእዛዙን ሻረው። አገረ ገዥ መብት የሚመልሰው ለሰው በስሙ፣ አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ አይደለም አለ። የተመዘገቡትም ሰዎች ምዝገባቸው እንዲሰረዝ ታዘዘ።

ማኮሊፍ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ እያስመረመሩ በተናጠል ይፈርሙ ጀመር። ሥልጣን ሲለቁ ቁጥሩ 173 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። ብዙ ሰው ይህን የአንድ ደግ ገዥና የአንድ ጨካኝ ፍርድ ቤት ታሪክ አድርጎ ይተርከዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሁለቱም በፊት የነበረው ነገር ነው። የሁለት መቶ ሺህ ሰው መብት በአንድ ሰው እጅ ላይ ምን አስቀመጠው? በአንድ ፊርማ የሚመጣ ነገር በሌላ ፊርማ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ያለ ሰው ዜግነቱ በወረቀት ቢኖርም ኑሮው የደጅ ጠኚ ነው።

ደጅ ጥናት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ርስት ለማስመለስ፣ ፍርድ ለማግኘት፣ የተቀማ ከብታቸውን ለመጠየቅ ከሹሙ ግቢ በር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆመዋል። ጉዳያቸው እውነት ሆኖ ሳለ ሹሙ በጎ የዋለበትን ቀን ይጠብቃሉ። ቢሳካላቸው እንኳ ይዘው የሚመለሱት ችሮታ ነው፤ ችሮታ ደግሞ ሰጪው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። የመምረጥ መብትን ስለ ማስመለስ በአሜሪካ ግዛቶች የወጡትን ሕጎች የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው። ሕጉ «እንመልሳለን» ማለቱ ብቻ አይበቃኝም። የሚመለሰው በየትኛው ቀን ነው? መመለሱን ማወቅና ማረጋገጥስ የማን ሥራ ነው? የመንግሥት ወይስ ከእስር የወጣው ሰው?

ዘ ሴንተንሲንግ ፕሮጀክት የተባለው የምርምር ድርጅት በ2024 ባወጣው ግምት መሠረት በወንጀል ፍርድ ምክንያት መምረጥ የማይችሉ የአሜሪካ ዜጎች 4 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2016 ያው ድርጅት የገመተው 6.1 ሚሊዮን ነበር። ይህን ልዩነት ያመጣው በዋናነት ከዋሽንግተን የወጣ ሕግ አይደለም፤ የግዛት ምክር ቤቶች፣ የግዛት ሕዝበ ውሳኔዎችና የአገረ ገዥዎች ትእዛዝ ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ሪቻርድሰን ከራሚሬዝ በተባለው መዝገብ ግዛቶች በወንጀል የተፈረደበትን ሰው ከምርጫ ማገድ ይችላሉ ብሎ ስለ ወሰነ ጉዳዩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የየግዛቱ ሆኖ ቀርቷል። ሜይንና ቨርሞንት እስር ቤት ያለውን ሰው እንኳ አይከለክሉም። ዋሽንግተን ዲሲም በ2020 ተከተላቸው። ሜሪላንድ በፌብሩዋሪ 2016 የአገረ ገዥ ላሪ ሆጋንን ተቃውሞ በምክር ቤት ድምፅ ሽራ ከእስር ለወጡ 40 ሺህ ያህል ሰዎች መብታቸውን መለሰች። በዚህ መሀል ቨርጂኒያ አለች፤ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ፣ በዲሲ አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ የሚገባ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሕጎችን ያቋርጣል።

የቨርጂኒያን ሕግ ለመረዳት ወደ 1902 መመለስ ግድ ነው። በዚያ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት ታስቦ የተጻፈ ነበር። ይህን የምለው ከኋላ ተነስቼ በግምት አይደለም። ከጉባኤው ዋና ሰዎች አንዱ የሆነው ካርተር ግላስ ዓላማው አድልዎ ማድረግ መሆኑን በጉባኤው ፊት ሳያፍር ተናግሯል። ይህ ሰው በኋላ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሚኒስትርና ሴናተር ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ ማንበብና መረዳትን የሚፈትን ደንብ፣ በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የምርጫ ግብርና ሰፋ ያለ የወንጀል ዝርዝር ይዞ ወጣ። ለሕዝብ ድምፅ እንኳ አልቀረበም፤ በጉባኤው አዋጅ ብቻ ጸና።

የምርጫ ግብሩን የጣለችው ከአሌክሳንድሪያ ወረድ ብሎ ጋም ስፕሪንግስ በተባለው መንደር ትኖር የነበረች አኒ ሃርፐር የተባለች ጡረተኛ የቤት ሠራተኛ ናት። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በፌርፋክስ ካውንቲ ማለት ነው። ድሃ ስለ ሆንኩ ልከለከል አይገባም ብላ ከሰሰች። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰው ሀብት ከመምረጥ ችሎታው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ብሎ ፈረደላት። የማንበብ ፈተናውም በፌዴራል ሕግ ቀረ። ሦስተኛው መሣሪያ፣ የወንጀሉ ክልከላ፣ ግን እስከ ዛሬ በቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይመርጥም፣ አገረ ገዥው መብቱን ካልመለሰለት በስተቀር ይላል። ሰው ገድሎ የታሰረውም፣ በወጣትነቱ ስንቅ የሌለው ቼክ ጽፎ የተፈረደበትም በዚያው አንድ ዐረፍተ ነገር ሥር ይወድቃሉ።

በዚህ ላይ የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መመረጥ አይችልም። እንዲህ ያለ ሕግ በአሜሪካ ሌላ ግዛት የለም። ስለዚህ ደንቡ በየአራት ዓመቱ ይገለባበጣል። ሪፐብሊካኑ ቦብ ማክዶኔል በ2013 ኃይል ያልታከለበት ወንጀል ለፈጸሙ ሰዎች አሠራሩን አቀለሉት። ማኮሊፍ አሰፉት። ራልፍ ኖርዘም በ2021 ከእስር ለወጣ ሁሉ፣ ገና በቁጥጥር ሥር ቢሆንም፣ ይመለስለት ብለው ለ69 ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ በር ከፈቱ። ግሌን ያንግኪን ደግሞ ያንን ትተው እያንዳንዱ ሰው ማመልከቻ እንዲያስገባና ጉዳዩ በተናጠል እንዲታይ አደረጉ። መስፈርቱ ምን እንደ ሆነ በግልጽ አልተጻፈም ነበር። በ2021 የወጣ ሰው ሲመርጥ፣ በ2023 የወጣው ጎረቤቱ ደብዳቤ ይጠብቅ ነበር። በሁለቱ መካከል የጥፋት ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ የተፈቱበት ዓመት ነው።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። በ2023 መገባደጃ፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ እየተሰጠ ባለበት ጊዜ፣ የግዛቲቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት 3,400 የሚሆኑ ሰዎችን በስህተት ከመዝገብ መሰረዙን አመነ። መብታቸው ተመልሶላቸው የነበሩ ሰዎች የቁጥጥር ግዴታ ሲጥሱ፣ ለምሳሌ የተቀጠሩበትን ቀን ሲያሳልፉ፣ ኮምፒዩተሩ አዲስ ከባድ ወንጀል እንደ ፈጸሙ አድርጎ ቆጥሯቸው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስማቸውን ለመመለስ ሠርቷል። ግን ምርጫ ጣቢያ ሄዶ «ስምህ የለም» የተባለን፣ ለዚያውም አንድ ጊዜ የታሰረን ሰው አስቡት። ተከራክሮ ድምፁን የሚያስከብር ይመስላችኋል? አብዛኛው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይመለስም።

ፍሎሪዳ ከዚህ ሥርዓት ለመውጣት የሞከረችበት መንገድ ብዙ ያስተምራል። እዚያም እስከ 2018 ድረስ መብት የሚመለሰው በምሕረት ቦርድ ነበር። አገረ ገዥውና ሦስት የካቢኔ አባላት በዓመት አራት ጊዜ ታላሃሲ ላይ ይቀመጣሉ፤ አመልካቹ ፊታቸው ቆሞ ስለ መጠጡ፣ ስለ ትዳሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ መሄዱ ይጠየቃል። አገረ ገዥ ሪክ ስኮት በአንድ ስብሰባ ላይ መስፈርት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የፈለጉትን መወሰን እንደሚችሉ ለአንድ አመልካች ነግረውታል፤ ይህ ንግግር በፌዴራል ዳኛ ፍርድ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

ይህን ሥርዓት ለመጣል ሕዝብ ያንቀሳቀሰው ዴዝሞንድ ሚድ ነው። በዕፅ ሱስ ተይዞ፣ ታስሮ፣ ወጥቶ፣ ቤት አጥቶ፣ በ2005 ማያሚ ውስጥ ባቡር ሐዲድ አጠገብ ሕይወቱን ሊያጠፋ ቆሞ የነበረ ሰው ነው። ባቡሩ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ወደ ማገገሚያ ገባ፤ ተማረ፤ በ2014 ከፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። በ2016 ሚስቱ ለፍሎሪዳ ምክር ቤት ስትወዳደር ሕግ የተማረው ባሏ ለእሷ ድምፅ መስጠት አልቻለም። በኖቬምበር 2018 የእሱና የባልደረቦቹ ማሻሻያ ቁጥር 4 ለሕዝብ ቀረበ። በፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ለማሻሻል 60 በመቶ ያስፈልጋል፤ 64.5 በመቶ ደገፈው። ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ማለት ነው። በነፍስ ግድያና በወሲብ ወንጀል ከተፈረደባቸው በስተቀር ቅጣቱን የፈጸመ ሁሉ መብቱ እንዲመለስለት ተወሰነ። 1.4 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎችን ይመለከታል ተብሎ ነበር። ሚድ በጃንዩዋሪ 8 ቀን 2019፣ ማሻሻያው ሥራ ላይ በዋለበት ቀን፣ ኦርላንዶ ውስጥ ቤተሰቡን አስከትሎ ሄዶ ተመዘገበ።

ስድስት ወር ሳይሞላ የፍሎሪዳ ምክር ቤት ሌላ ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዥ ሮን ዴሳንቲስም ፈረሙበት። «ቅጣት ጨረሰ» ማለት የገንዘብ መቀጮውን፣ የፍርድ ቤት ክፍያውንና ለተበዳይ የተወሰነውን ካሣ ጭምር ከፍሎ ሲጨርስ ነው ተባለ። ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል፤ የተፈረደበትን ይክፈል የሚል ሰው ክፉ አይደለም። ችግሩ የሚታየው አንድ ሰው ዕዳውን ለማወቅ ሲነሣ ነው። በፍሎሪዳ የዕዳው መዝገብ በ67 ካውንቲዎች ተበታትኗል። በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። የሠላሳ ዓመት ፋይል በካርቶን ውስጥ ነው ወይም ጠፍቷል። መቀጮው ከፍርዱ ላይ ተጽፏል፤ በኋላ የተደረቡት ክፍያዎች ሌላ ቦታ ናቸው። ዕዳው ለግል ገንዘብ ሰብሳቢ ከተላለፈ ሰብሳቢው እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ሊጨምርበት ሕጉ ይፈቅድለታል። ሰውየው ከከፈለው ውስጥ የትኛው ለዋናው ዕዳ፣ የትኛው ለሰብሳቢው እንደ ሄደ የሚነግረው የለም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አንዲት ፕሮፌሰር ከዶክትሬት ተማሪዎቿ ጋር ሆና በዕጣ የወጡ የ153 ሰዎችን ዕዳ ለማጣራት ረጅም ጊዜ ደከመች። ከሦስት ሰዎች በስተቀር የሁሉም መረጃ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ ተገኘ። ዳኛ ሮበርት ሂንክል በሜይ 2020 በሰጡት ፍርድ ይህን አሠራር ከፍሎ የመምረጥ ሥርዓት ብለው ጠሩት። ግዛቲቱ ራሷ የ85 ሺህ ተመዝጋቢዎችን ሁኔታ አጣርታ ለመጨረስ እስከ 2026 ድረስ እንደሚወስድባትም በፍርዱ አሰፈሩ። ምስክር ሆኖ የቀረበ አንድ የፖለቲካ ሳይንስ ባለሙያ በገንዘብ ዕዳ ምክንያት ብቻ መምረጥ የማይችሉትን 774 ሺህ አድርሷቸዋል። ሆኖም በሴፕቴምበር 2020፣ ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ6 ለ4 የሂንክልን ፍርድ ሻረው። አኒ ሃርፐር በ1966 ያሸነፈችበት ክርክር ከ54 ዓመት በኋላ ሌላ ግዛት ውስጥ ተነሥቶ ተሸነፈ።

ኦገስት 2022 ላይ ዴሳንቲስ በአዲሱ የምርጫ ወንጀል መሥሪያ ቤታቸው አማካይነት 20 ሰዎች መከሰሳቸውን በጋዜጣዊ መግለጫ አወጁ። እነዚህ ሰዎች በነፍስ ግድያ ወይም በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ስለ ነበሩ ማሻሻያው አይመለከታቸውም ነበር፤ ሆኖም መርጠዋል። ግን ብዙዎቹ የተመዘገቡት ማመልከቻቸውን ለመንግሥት አቅርበው፣ መንግሥት ተቀብሎ የመራጭነት ካርድ ልኮላቸው ነው። የፖሊሶቹ ካሜራ የቀረጸውን ምስል የተመለከተ ሰው እጃቸው ሲታሰር ግራ የገባቸውን ሰዎች ፊት አይቷል። ካርዱን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ ይላሉ። የአንዳንዶቹ ክስ በኋላ በዳኞች ውድቅ ተደርጓል። ፍርሃቱ ግን አልተሰረዘም። መምረጥ የሚችለውም «ልያዝ እችላለሁ» ብሎ ቤቱ ቀረ። ማን መምረጥ እንደሚችል ለይቶ ማወቅ ያቃተው መንግሥት፣ ያንኑ ማወቅ ያቃተውን ሰው አምስት ዓመት በሚያሳስር ወንጀል ሲከስ ፍትሕ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

ሚኔሶታ በሌላ መንገድ ሄደች። እዚያ ችግሩ የዕድሜ ልክ ክልከላ አልነበረም፤ የቁጥጥር ጊዜው ርዝመት ነበር። ፍርድ ቤት ሄደው ከከሰሱት ሰዎች አንዷ በዕፅ ይዞታ አንድ ዓመት ታስራ ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ፕሮቤሽን የተፈረደባት ሴት ነበረች። ውጭ ሆና እየሠራች፣ እየተማረች፣ ዕድሜዋ 71 እስኪሆን መምረጥ አትችልም ነበር። የሚኔሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 በከሳሾቹ ላይ ፈረደ፤ ይህን መለወጥ የምክር ቤቱ ሥራ ነው አለ። ምክር ቤቱ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ሴድሪክ ፍሬዚየርና ቦቢ ጆ ቻምፒየን የመሩት ረቂቅ ጸድቆ አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ ማርች 3 ቀን ፈረሙበት። 55 ሺህ ያህል ሰው በዚህ ሕግ መብቱን አገኘ። የሕጉ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነው፦ ለዚያ ወንጀል እስር ቤት ውስጥ ካልሆንክ ትመርጣለህ። ማመልከቻ የለም፤ የዕዳ ሂሳብ የለም፤ የገዥ ፊርማ የለም። ሲፈታ ማሳወቂያና የምዝገባ ቅጽ የሚሰጠውም እስር ቤቱ ራሱ ነው። ምርጫ ጣቢያ ያለው ሠራተኛ ሊጠይቅ የሚችለው ነገር ሰውየው እዚያ በመቆሙ ብቻ ይመለሳል፤ እስር ቤት ቢሆን እዚያ አይቆምም ነበርና። በ2024 ሕጉን የተቃወሙ ሰዎች ያቀረቡትን ክስ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም።

ለእኔ ጥሩ ሕግ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ያንኑ ዓመት ሚኔሶታ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ አብሮ የሚከናወን ምዝገባን፣ ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጆች ቅድመ ምዝገባን፣ አንድ ጊዜ ለጠየቀ መራጭ በየምርጫው በፖስታ የሚላክ የድምፅ ወረቀትንም አጸደቀች። በምርጫው ቀን መመዝገብ የተፈቀደው ገና ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። አድራሻውን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው የዚያው ምርጫ ክልል ነዋሪ የሆነ ተመዝጋቢ ጎረቤቱ ቆሞ ቢመሰክርለት ይመዘገባል። የሰው ምስክርነት ከወረቀት እኩል በሚታመንበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ሥርዓት አይከብደውም።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። የሟች ቤተሰብ፣ የተደፈረች ሴት፣ ጥሪቱን የተዘረፈ ሽማግሌ በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ አላቸው። የበደለኝ ሰው ካሣዬን ሳይከፍል ከእኔ እኩል ይመርጣል ወይ ብለው ሲጠይቁ ጥያቄያቸው ከባድ ነው። በማኮሊፍ የጅምላ ትእዛዝ ውስጥም ሊገቡ የማይገባቸው ሰዎች በስህተት ገብተው ነበር፤ ተቺዎቹ ነገሩ ለዚያ ዓመቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ታስቦ የተደረገ ነው ያሉትም ያለ ምንም መነሻ አልነበረም። ግን ካሣን ማስከፈያ ሌላ ብዙ መንገድ አለ፤ ደመወዝ ይያዛል፣ ንብረት ይያዛል። ድምፅ መንፈግ ለተበዳይ አንድ ሳንቲም አያስገኝም። የጅምላ ትእዛዝ ችግርም የሚቀረፈው መብቱን ወደ ገዥው እጅ በመመለስ ሳይሆን ከገዥው እጅ አውጥቶ በሕግ በመጻፍ ነው።

የአገራችን የወንጀል ሕግ በዚህ ረገድ የያዘው አቋም ሊጠቀስ ይገባዋል። በዜና «ለሁለት ዓመት ከሕዝባዊ መብቶቹ ታግዷል» የሚል የፍርድ ውሳኔ ሰምተን እናውቃለን። በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 123 ጥፋቱ የሚጠይቀው ሲሆን ዳኛው መምረጥንና መመረጥን ጨምሮ ሕዝባዊ መብቶችን እንዲሽር ይፈቅድለታል፤ ሽረቱ ጊዜያዊ ሲሆን የሚቆየው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው። ሥርዓታችን ሌላ ብዙ ችግር አለበት። እዚህ ላይ ግን ዳኛው ሰውየውንና ጥፋቱን አይቶ፣ ምክንያቱን ጠቅሶ፣ ሽረቱ ጊዜያዊ ሲሆንም ጊዜውን ቆርጦ ነው የሚፈርደው። የቨርጂኒያው ሕገ መንግሥት ዳኛውን አይጠይቅም፤ ጊዜም አይቆርጥም።

በዋሽንግተን ዙሪያ ላለው አማርኛ ተናጋሪ ነገሩ በሁለት በኩል ይነካዋል። አንደኛው ቋንቋ ነው። በ1975 የተሻሻለው የፌዴራል የመራጮች መብት ሕግ በሌላ ቋንቋ የድምፅ ወረቀት እንዲዘጋጅ ሲያዝ የጠቀሳቸው ወገኖች የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ብቻ ናቸው። የአፍሪካ ቋንቋ አልገባበትም። አንድ ካውንቲ ውስጥ የቱንም ያህል አማርኛ ተናጋሪ ዜጋ ቢኖር የፌዴራሉ ሕግ ካውንቲውን አያስገድደውም። ስለዚህ በአማርኛ የምናየው የምርጫ ወረቀት ሁሉ የግዛት ወይም የከተማ ሕግ ፍሬ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከስድስቱ ዋና ቋንቋዎች አንዱ አድርጋለች፤ ሚኔሶታም የምዝገባ ቅጿን በአማርኛ ታቀርባለች። በሌላ ቦታ ላለ ግን አንድ የፌዴራል ድንጋጌ አለለት። ማንበብ ወይም መጻፍ የሚቸግረው መራጭ የመረጠውን ሰው፣ ልጁንም ጎረቤቱንም፣ ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላል፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይፈቀድላቸውም። በየምርጫው ቀን እናቶቻችን ይህን ሳያውቁ እንግሊዝኛው ገፍቷቸው ቤት ይቀራሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ምዝገባ ከመንጃ ፈቃድ ጋር ሲያያዝ ለዜጋው በረከት ነው፤ ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ሰው ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) ያለው ማሽን ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ሳያነቡ «አዎ» ብሎ ማለፍ አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ ብሎ መመስከር ይሆናል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ተመዝግቦ ከመረጠ በፌዴራል ሕግ ሊከሰስም ከአገር ሊባረርም ይችላል፤ «አላወቅሁም» ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ቅጹን በጥንቃቄ ማንበብ፣ ያልገባን ነገር ሲኖር መልስ ሳይሰጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ታኮማ ፓርክ ሜሪላንድ ከ1992 ጀምሮ፣ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በከተማው ምርጫ ይመርጣል። ይህ ግን የከተማው ምርጫ ብቻ ነው። የሚኔሶታውን ሕግ የምወድበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳትበትን ቦታ የሚያጠብ ሕግ አውጪ ሥራውን ሠርቷል።

ወደ ቨርጂኒያ እንመለስ። ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ ሁለቱም ምክር ቤቶች ማሻሻያውን ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ምርጫ ተደርጎ፣ ማጽደቅ አለባቸው፤ ከዚያ ሕዝቡ ይወስናል። መብት ያለ ገዥ ፊርማ ይመለስ የሚለው ማሻሻያ በ2021 አንድ ጊዜ ጸድቆ በ2022 በአንድ ንዑስ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። በ2025 እንደ ገና ጸደቀ፤ በ2026 መጀመሪያም ሁለተኛውን ፈተና አለፈና ለኖቬምበር 2026 ለሕዝብ ድምፅ ተቀጠረ። የሚለው ነገር ሚኔሶታ ያለችውን ነው፤ የታሰረ ሰው ከእስር ሲወጣ መብቱ ያለማንም ፈቃድ ይመለሳል።

ማሻሻያው የሚመለከታቸው ሰዎች ግን መብታቸው ገና ስላልተመለሰ በማሻሻያው ላይ ድምፅ አይሰጡም። የሚወስንላቸው ሌላው መራጭ ነው፤ በፍሎሪዳም ያ አምስት ሚሊዮን ሰው ለሌላው ነው የወሰነው። በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በአርሊንግተን ዜግነት ወስደን የምንኖረው ከዚህ መራጭ ውስጥ ነን። በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት በቨርጂኒያ ያለ ምንም ምክንያት ከምርጫው ቀን 45 ቀን አስቀድሞ በአካል መምረጥ ይቻላል። ቅዳሜ የሚሠራ ታክሲ ነጂ ማክሰኞ፣ ማታ የምትገባ ነርስ ጠዋት ሄደው ድምፃቸውን መስጠት ይችላሉ። የማሻሻያው ጥያቄ የሚገኘው ከእጩዎቹ ስም በኋላ፣ ብዙ ሰው ሳያየው በሚያልፈው የድምፅ ወረቀቱ ክፍል ላይ ነው።